የመስመሩ ጅራት

ሐምሌ 24

ዛሬም ተኩስ አለ። ከአብርሃ ጅራ በኩል ነው ይላሉ። ሳሉጎቹ፣ እነዚያ ቆላውን እንደ ቤታቸው የለመዱት የቀን ሠራተኞች፣ ጎህ ሳይቀድ ጨርቃቸውን ጠቅልለው በእግራቸው ወደ ሸሕዲ ከተማ ነጎዱ። ስንት ክረምት አበሰልሁላቸው፤ አንዱ እንኳ ዞሮ "ሀብትነሽ፣ ደህና ሰንብች" አላለኝም። አብረዋቸው የሚኮተኩቱትን ልጆችም ትተዋቸው ነው የሄዱ።

ሐምሌ 25

ወኪሉ አምባውም ሄደ። ባለሀብቱ ጎንደር ተቀምጦ ነው የሚያርስ፤ እዚህ የሚያዝለት አምባው ነው። ትራክተሩ ላይ እንደተቀመጠ አናገረኝ።

"እማማ፣ ዱቄትና ናፍጣ ይዤ ቶሎ እመለሳለሁ። ልጆቹ ይኮትኩቱ። ሰሊጡን አረም ከዋጠው ባለቤቱ እኔን ነው የሚውጠኝ።"

"ዘበኛውንስ የት ትወስደዋለህ?"

"መንገዱ ያስፈራል። ጠመንጃ ያስፈልገኛል።"

"እኛንስ አያስፈራንም?"

ሳቀ። "እርስዎን የሚደፍር ማን አለ!" አለና የመጋዘኑን ቁልፍ ወረወረልኝ።

ሐምሌ 27

የጓንግ ወንዝ ሞላ። ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እግር ይውጣል። ትራክተር አይመጣም፣ ሰውም አይሄድም። ስልክ እንደሆነ ድሮም እዚህ አይሠራ።

ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልብስና ለደብተር ብለው ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ። ትልቁ ዋለ ነው፣ የጎጃም ልጅ፤ ጢሙ ገና ሊያቆጠቁጥ ነው። ሰማኸኝ ጉልበት እንጂ ቃል የለውም። መለሰ አልቃሻ ነው። ትንሹ ማህደር የላስታ ልጅ ነው፤ ሲናገር የሚያዜም ይመስላል። የቀሩትን አልለየኋቸውም። መለየትም አልፈልግ። እኔም ልጅ ነበረኝ፤ ሱዳን ተሻግሮ ቀረ። ልጅ ማሳደግ በቃኝ።

ሐምሌ 29

ዋለን ጠርቼ "መስመሩን አንተ ያዝ" አልሁት። መሪ ያጣ ልጅ ይባልጋል። የመስመሩን ወግም ነገርኋቸው። ኮትኳቾች በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ነው የሚገቡ። ቀድሞ ዳር የደረሰ ፊት ነው፤ ኋላ የቀረው ጅራት ይባላል። ጅራት ለሁሉም ውኃ ያመላልሳል፤ ምግብም መጨረሻ ነው የሚበላ። ትልልቆቹ ሰዎች ይሣሣቁበታል፤ የዛሬው ጅራት ነገ ፊት ሊሆን ይችላልና። እኔም ከድስቱ የማወጣው በዚሁ ተራ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው።

ዛሬ ጅራት ማህደር ሆነ። ራሱም ሳቀ።

"እማማ፣ ለጅራት ሥጋው ይተርፈዋል?"

"አጥንቱም አይተርፈው" አልሁት። ሁሉም ሳቁ።

ነሐሴ 2

ዝናብ። ሥራ የለም። ሸሕዲ ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠረችን መምህርት "በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል" ትለን ነበር። ጸጉሬ ከሸበተ ነው የተማርሁት፤ እንዳይጠፋኝ ይኸው እጽፋለሁ። ማህደር በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና "እማማ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እኮ ነው የሚጽፉት!" አለ። ሌሎቹም እየተጠራሩ መጥተው አዩኝና ሳቁ።

ልጅ ነው። ረስቼዋለሁ።

ነሐሴ 4

ማህደር በጠዋት መጥቶ "ልርዳዎት? የኔ ጽሑፍ ቆንጆ ነው" አለኝ። ውኃ ቅዳ ብዬ ሰደድሁት። ጅራት እሱ ነበርና።

ነሐሴ 5

ውሻውን ገደሉት። ዘበኛው ትቶት የሄደውን ውሻ። ከማጀት ቋንጣ ይዞ ሲወጣ ሰማኸኝ አየው። አስረው አቆሙት፣ ዋለ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። "ሰረቀ ወይስ አልሰረቀም?" እያለ ይጠይቃል፤ ልጆቹ "ሰረቀ!" ይላሉ። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልሁ። ከዚያ ሰማኸኝ በመኮትኮቻ ጀርባውን አለው። ውሻው ቶሎ አልሞተም። ወገቡ ተሰብሮ በፊት እግሮቹ ብቻ ወደ እኔ ይጎተት ነበር። መለሰን አስመለሰው። ኋላ አንዱ ሲስቅ ሌሎቹም ሁሉ ሳቁ።

"ምን ሠራችሁ?" አልኋቸው።

"እማማ፣ ሌባ ነው" አለ ዋለ። "እኛ የምንበላውን ነው የበላ።"

ይህስ እውነት ነው። ምግቡ እየሳሳ ነው። ደሙን ያጠበው ጅራት ነው።

ነሐሴ 8

ከሰሊጡ ጎን ያለው ማሽላ ውስጥ ጦጣዎች ገቡ። ልጆቹ በወንጭፍ አንዷን እናት ጣሏት። ግልገሏ ደረቷ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ሰማኸኝ በጅራቱ ይዞ ከግንዱ ጋር አላተመው። እናቲቱን ለሌሎቹ መቀጣጫ ብለው እንጨት ላይ ሰቀሏት። ዘመዶቿ ዛፍ ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ጮኹ። ልጆቹም እንደነሱ እየጮኹ መለሱላቸው።

ማሽላው ግን ተረፈ።

ነሐሴ 9

ዋለ ቁልፉን ጠየቀኝ። ጉልበቴን ስሞ ነው የጠየቀኝ። "እማማ፣ ጆንያ መሸከም ይደክምዎታል። እኔ እየለካሁ ላውጣልዎት።" አንገቱን ሲደፋ ልጄን ይመስላል፤ እሱም እንዲህ ነበር ሲለምን። ሰጠሁት። እውነቱን ነው፣ ወገቤ አልቻለም።

ለልጆቹ "ኻላስ፣ በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳላውቅ የሚበላ የለም" ሲል ሰማሁት። ዓረብኛዋን ከሳሉጎቹ ለቅሟት ነው። "ተማም፣ እሺ!" አሉት ሁሉም።

ነሐሴ 11

ማህደር ትኩሳት ይዞታል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ወባ ይሆናል። መድኃኒት የለም፤ አምባው የመድኃኒቱን መሳቢያ ቆልፎ ሄዷል፤ ሰብረን ስናይም ባዶ ነው። ልጁ በየቀኑ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ ጅራት እሱ ነው። መጨረሻ ሲደርሰው በድስቱ ቂጥ ያረረው ብቻ ይቀራል። ወጉን እኔ አልፈጠርሁትም።

አሁን ከኋላው የሚሄድ ልጅ መድበውበታል፣ ልምጭ የያዘ። ሲዘገይ ጥጃ እንደሚነዳ ይሾጠዋል። ጀርባውን አየሁት። የተተለተለ መሬት ይመስላል።

"ይህን ተዉ" አልሁት ዋለን።

"ካልፈጠነ ሰሊጡን አረም ይውጠዋል፤ ጋሽ አምባው ሲመጣ ማን ይጠየቃል? እርስዎ ነዎት እኮ የሚጠየቁ።"

ይህንንም አሰብሁ።

ነሐሴ 14

ለማህደር የሣር ጅራት ጎንጉነው አሰሩለት። በአራት እግሩ እየሄደ ውኃውን ያመጣል፤ ጀሪካኑን ጀርባው ላይ ያስሩለታል። ስሙን መጥራት ተከልክሏል። መለሰ ረስቶ "ማህደር፣ ና" አለው። ሰማኸኝ የመለሰን እጅ ይዞ የእኔ ምድጃ ረመጥ ውስጥ ከተተው። የእኔው ምድጃ! ማማሰያውን በእጄ እንደያዝሁ ነበርሁ። ቆዳው ሲንጣጣ ሰማሁ።

"እናንተ አረመኔዎች!" ብዬ ጮህሁ።

ዋለ ቀስ ብሎ ተነሣና የማማሰያውን እንጨት ከእጄ ወሰደ። አልመታኝም። ለሁለት ሰብሮ እሳቱ ላይ ጣለው። "እማማ፣ ጨዋታ ነው። ልጆች አይደለን?" አለኝ። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ራቱን ጠበቀ። አቀረብሁለት። በተራ።

የመለሰን እጅ እሬት ቀባሁለት። እያለቀሰ "ቤት ስሄድ ለእናቴ እነግራታለሁ" ይላል። ልብስ የተቀደደበት ይመስል።

ማታ ተኝተው ሳያቸው አፋቸው ተከፍቶ፣ ለሀጫቸው ወርዶ፣ እግር በእግር ተጠላልፈው ነው። ዋለ አውራ ጣቱን አፉ አጠገብ አድርጎ ነው የሚተኛ። የማናቸውንም ክፋት ከፊታቸው ላይ ብፈልግ አጣሁት። ታዲያ ቀን ቀን ከየት ነው የሚያመጡት? ከእኛ ነው እንዳልል፣ እኛ ምን አደረግን? ትልልቆቹ ሰዎች መሣቅ ነበር የሚሥቁበት።

ነሐሴ 17

ሌሎቹ ማሳ ላይ እንዳሉ ማህደር ማጀት መጣ። ውኃ ሊቀዳ ነው። ቀና ብሎ መቆም ፈራ፤ እኔ ፊት እንኳ።

"ቀጥ በል፣ ማንም የለም" አልሁት።

"እማማ፣ ጓንግን መሻገር ይቻላል?"

"ትሞታለህ።"

"እዚህስ?"

"አምባው ይመጣል" አልሁት።

"እናቴ 'ቆላ አትውረድ' ብላኝ ነበር። ተደብቄያት ነው የመጣሁት። ስመለስ ነጠላ ልገዛላት ነበር።" ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደምቷል። "ያን ቀን ስለሳቅሁብዎ ነው እንዴ የሚጠሉኝ?"

"ማን ጠላህ?" አልሁት። ተቆጣሁት እንኳ። "ሂድ፣ ውኃህን ቅዳ!"

ሲወጣ ከመሶቡ አንድ ኩርማን ቂጣ ወደቀብኝ። አላነሣሁትም። እሱ አነሣው። ሸሚዙ ውስጥ ሲከተው ፊቴን ወደ እሳቱ አዙሬ ነበር።

ነሐሴ 18

ቂጣውን አገኙበት። አልበላውም ነበር። ግማሹን ለመለሰ ሊሰጠው ነበር አሉ።

ሁሉም ማጀቱ በር ላይ ቆሙ። እሱን መሐል አድርገው።

"እማማ፣ ሰጥተውታል?" አለኝ ዋለ።

"ለጅራት የሚተርፍ የለኝም።"

"ሰጥተውታል ወይስ አልሰጡትም?"

"እኔ የምሰጠው በተራ ነው። ታውቃለህ።"

ማህደር አየኝ። "እሳቸው ናቸው" አላለም። ለምን እንዳላለ አላውቅም። ቢናገር ያምኑት ነበር። እኔንስ ምን ያደርጉኛል? አሮጊት ነኝ፤ አብሳያቸው ነኝ። አፉን ቢከፍት ኖሮ በዚያው ባለቀ።

"ታዲያ ሰርቋል" አለ ዋለ።

መስመር አሲያዙት። ከእነሱ ቀድሞ ዳር ከደረሰ ይማራል አሉት። ሮጠ። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሰሊጡ እስከ ጉልበቱ ነው። እነሱ መኮትኮቻቸውን ይዘው ከኋላው እንደ ዝንጀሮ እየጮኹ።

መሐል ላይ ወደቀ።

በተራ ነው የመቱት። ፊት ዋለ። ቀጥሎ ሰማኸኝ። ከዚያ ሌሎቹ፣ ዛሬ ኩትኳቶውን በጨረሱበት ተራ። መጨረሻ መለሰ፤ የተቃጠለውን እጁን ይዘው እነሱው አስመቱት። የመጀመሪያው ላይ ድምፅ ነበረው። ኋላ እርጥብ መሬት እንደመቆፈር ያለ ሆነ።

ሽሮው እንዳያር ማማሰሌን አላቆምሁም። ይህን ለምን እጽፋለሁ?

ነሐሴ 19

ቀበርነው። እኔ ገነዝሁት፣ ማንም እንዲነካው አልፈቀድሁም። ማዳበሪያ ጆንያ ነው ያለን። ልጆቹ ቆመው አባታችን ሆይ አሉ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ። ዋለ ጭኔ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። "እማማ፣ ምን ሆነን ነው?" ይለኛል። ጸጉሩን ዳሰስሁለት። እጄ ራሱ ሄዶ ነው የዳሰሰው።

ነሐሴ 20

ሥራ ገቡ።

ነሐሴ 22

ዛሬ ጅራት መለሰ ነው። በአንድ እጅ ምን ያህል ይኮተኩታል? የሣሩን ጅራት አመጡለት። ያው ነው፣ አዲስ አልጎነጎኑም።

ራት ላይ እጄ ተሳሳተ። የመጀመሪያውን ጭልፋ ለመለሰ አወጣሁ። ሁለተኛውንም ለሱ። ሰማኸኝ ድስቱን በእግሩ አለው፤ የፈላው ሽሮ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ወደቅሁ። ቆዳዬ ከጫማዬ ጋር ነው የወጣ።

"ተራው ይህ አይደለም" አለ ዋለ ከላዬ ቆሞ።

"ካሁን በኋላ ተራው ይህ ነው" አልሁት መሬት ላይ ሆኜ። "ካልወደድህ አንተ አብስል። ወይም እኔንም ግደለኝና ጥሬውን ብሉ።"

መኮትኮቻውን ይዞ ነበር። አላነሣውም። ሄዶ ተኛ። ሌሎቹም ጾማቸውን አደሩ። መለሰ የሣሩን ጅራት ፈትቶ ምድጃው ውስጥ ጨመረው፤ ማንም አልከለከለው።

እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ነሐሴ 23

እግሬ። መጻፍ አልችልም።

ነሐሴ 28

ጓንግ ጎደለ። ትራክተሩ መጣ። ድምፁን ሲሰሙ ልጆቹ መኮትኮቻቸውን ጥለው እየተንጫጩ ሮጡ። አምባው ብስኩት ይዞላቸው ነበር። ተሻሙበት። ሰማኸኝ ጎማው ላይ ወጥቶ ካልነዳሁ አለ። ልጆች ነበሩ፤ ተራ ልጆች።

አምባው ዞር ዞር ብሎ አያቸው። "አንድ ትንሽ ነበር፤ የት ሄደ?"

"ወባ" አለ ዋለ።

"ወባ ነው" አሉ ሌሎቹ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መለሰ ጭምር። እግሬ በጨርቅ ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጫለሁ።

"ወባ ነው" አልሁ።

አምባው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ማሳውን ሊያይ ሄደና እየሳቀ ተመለሰ። "እማማ፣ እንዲህ ጥርት ብሎ የተኮተኮተ ሰሊጥ አይቼ አላውቅም! ይህን ዋለ የሚሉትን ለአጨዳውም አልለቀውም። የሠራተኛ መሪ አደርገዋለሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነው?"

"ጎበዝ ነው" አልሁ።

መስከረም 12

አጨዳ ደርሷል። ሳሉጎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው መጡ። ሌሎቹ ልጆች ወደየአገራቸው ገቡ፤ መለሰ ሲሄድ አልተሰናበተኝም። ዋለ ቀርቷል። ትልልቆቹን ሰዎች ሳይቀር ያዛል፤ ይፈሩታል። እኔ ፊት ሲደርስ ዝቅ ብሎ "እማማ፣ እግርዎ ተሻለዎት?" ይላል።

መስከረም 21

ዛሬ የማህደር እናት መጣች። ባየሽ ትባላለች። ከላስታ ድረስ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ። አንዱ የአገሯ ልጅ በወባ መሞቱን ነግሯት ነው። ትከሻዋ ላይ አዲስ ሰሌን ጠቅልላ ተሸክማለች።

መጀመሪያ እኔን ነው የሳመችኝ። ትከሻዬን ይዛ "ሰው አልነበረውም እንዳልል እርስዎ ነበሩለት" አለችኝ። ድምፅዋ የሱ ነው፤ ያው ዜማ። ውኃ ሰጠኋት። አልጠጣችውም።

"የት ነው ያለ?"

አሳየኋት። ከማሳው ዳር፣ አፈሩ ገና ከፍ ያለበት። አላለቀሰችም። በእጇ ሣሩን ነቀለችለትና ሰሌኑን ዘረጋች።

"ከዚህ አወጣዋለሁ። ዋልካ ውስጥ ሲረግጡት አይኖርም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አሳርፈዋለሁ፤ ቄሱን ለምኜ መጥቻለሁ።"

አምባው ሰምቶ መጣ። ከኋላው ዋለ።

"ተዪ እንጂ እናቴ፣ የበሽታ ሬሳ ነው። ይተላለፋል።"

"ወባ ነው አላላችሁም? ወባ ከሬሳ ሲይዝ የት አይታችኋል?"

"ይሸታል፣ አትዪው። ልጅሽን እንደነበረ አስቢው።"

"እኔ ነኝ ያጠብሁት ሲወለድ" አለች። "እኔው አየዋለሁ። ዶማ ስጡኝ።"

ሠራተኞቹ አጨዳቸውን አቁመው ቆመዋል። አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። አምባው ያውቅ እንደሁ አላውቅም፤ ሳያውቅ አልቀረም። ባየሽ ተንበርክካ በጥፍሯ መጫር ጀመረች። ዋለ ወደ እኔ ጠጋ አለና በጆሮዬ "እማማ፣ ልጅዎ ነኝ። ተዪ ይበሏት" አለኝ። ክንዴን ያዘኝ። ትንሽ እጅ ነው፤ ጥፍሩን በጥርሱ ቆርጥሞታል።

እጁን ከላዬ አነሣሁት። እያነከስሁ ማጀት ገባሁና ዶማውን ይዤ ወጣሁ። አምባው "ሀብትነሽ!" አለኝ፤ እማማውን ትቶ። አለፍሁት።

ዶማውን ለባየሽ ሰጠኋት። "ጥልቅ አይደለም" አልኋት። "ጭንቅላቱን በነጠላዬ አስሬዋለሁ፤ እንዳይበተን። ስትፈቺው ቀስ በይ።"

ዶማውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ከኋላዬ ዋለ ሲሮጥ፣ ደረቁ ሰሊጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ አፈሩን በእጄ አብሬያት ማንሣት ጀመርሁ።